የማይቆጠረው የጫካ እፉኝት

ከአቃቂ ወጣ ብሎ በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው መነጽሩን ወደ ውሃው አቅንቶ ዳክዬውንና ዝይውን አንድ በአንድ መቁጠር ይችላል። ወፎቹ በገሃድ ናቸው፤ ይበራሉ፣ ይጮኻሉ፣ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡትም ወቅታቸውን ጠብቀው ይደርሳሉ። የአፍሪካ የውሃ ወፎች ቆጠራ ጥር ላይ የሚካሄደውም በዚህ ምክንያት ነው። የዘንድሮው ቁጥር ከአምናው ካነሰ፣ የአምናውም ከካቻምናው ካነሰ፣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የሚቆጠር እንስሳ ዕድለኛ ነው። ዕድሜውን በረገፈ ቅጠል ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፍ፣ ድምፅ የማያሰማ፣ የማይበር፣ ሰው በአጠገቡ ቢያልፍ እንኳ የማይነቃነቅ እንስሳ ግን እንዴት ይቆጠራል? ካልተቆጠረስ እየጠፋ መሆኑን በምን እናውቃለን? ይህን ጥያቄ የማነሣው በአገራችን ብቻ ስለሚገኝ አንድ እባብ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቢቲስ ፓርቪዮኩላ ይባላል፤ በተለምዶ የኢትዮጵያ ተራራ እፉኝት ይሉታል። መኖሪያው አቃቂ አይደለም፤ በምዕራቡ ደጋና ወይናደጋ ጫካ ነው። የአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪ ግን ከዚህ እባብ መኖሪያ ጋር ሳያውቀው በየቀኑ ይገናኛል። በክፍለ ከተማው ካሉት የቡና ማበጠሪያ መጋዘኖች ከምዕራብ የመጣ ቡና የሚራገፍባቸው ጥቂት አይደሉም። ሴቶች ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ እየለቀሙ ከሚያወጡለት ቡና ከፊሉ የበቀለው እፉኝቱ በሚኖርበት ጫካ ጥላ ሥር ነው።

ከታሪኩ ልጀምር። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በጀርመን ቦን ከተማ በሚገኘው የኮኒግ ሙዚየም ይሠሩ የነበሩት የተሳቢ እንስሳት ተመራማሪ ቮልፍጋንግ በሜ በ1977 ከኢትዮጵያ የተገኘ አንድ እፉኝት ለሳይንስ አዲስ መሆኑን በጽሑፍ አሳወቁ። እባቡ የተገኘው ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዶጊ ወንዝ ድልድይ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ነው። ከዘመዶቹ አንጻር ዓይኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ ስሙም ይህንኑ እንዲገልጽ ተደረገ። ወንዙ በያዩ ጫካ ውስጥ የሚያልፍ ነው።

ቅርብ ብለን እንየው። አካሉ አጭርና ወፍራም ነው፤ ጭንቅላቱ ሰፊ፣ ከአንገቱ የተለየ ነው። ቅርፊቶቹ በመካከላቸው ከፍ ያለ መስመር ስላላቸው ቆዳው ልስልስ ሳይሆን ሻካራ ነው። ከላይ ጠቆር ባለው ጀርባው ላይ ደማቅ ቢጫ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቅርጽ ከአንገት እስከ ጅራት ተደርድሯል። እጅ ላይ ያለ ፎቶውን ያየ ሰው ይህ እንዴት ይደበቃል ይላል። ጫካ ውስጥ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። የጠዋት ፀሐይ በዋንዛና በብሳና ቅጠል መሐል ሾልኮ መሬት ላይ የሚጥለው ብርሃንና ጥላ ልክ እንደዚሁ ቢጫና ጥቁር የተቆራረጠ ነው። የእባቡ ቅርጽ በዚያ ይፈርስና ቅጠሉ ብቻ ይቀራል።

አኗኗሩ ደግሞ የቡድኑ ነው። ቢቲስ የሚባለው የእፉኝት ወገን አሳድዶ አያድንም፤ አድፍጦ ይጠብቃል። አይጥ ወይም ሌላ ትንሽ እንስሳ በአጠገቡ እስኪያልፍ ድረስ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል። ሰው ሲቀርበውም ማምለጥ ሳይሆን መደበቅን ይመርጣል። እንቁላል አይጥልም፤ ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል። እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀድደው ይወጣሉ፣ እሷም ትሞታለች የሚለው ነገር ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው ነው፤ ወደ ግእዝም በተተረጎመው ፊሳልጎስ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ ያለ እምነት ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ እናቲቱ ወልዳ በሰላም ትሄዳለች፣ ዳግመኛም ትወልዳለች። ይህን የማነሣው ስለ እባብ የምናውቀው ነገር ምን ያህል ከፍርሃት እንደተቀዳ ለማሳየት ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የምንሸሸውን ነገር ቀርበን የመመርመር ልማድ አላዳበርንም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። የአንድ ፍጡር የጥበቃ ደረጃ የሚወጣው እንዴት ነው?

በዓለም ላይ ለዚህ የሚያገለግለው ዋናው ሰነድ የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ነው፤ በ1964 የተጀመረ ነው። መዝገቡ ፍጡራንን በደረጃ ያስቀምጣል። ለጊዜው ብዙም የማያሳስቡ አሉ፤ ወደ ስጋት የተቃረቡ አሉ፤ ከዚያ በላይ ሦስት የስጋት ደረጃዎች ይከተላሉ። ተጋላጭ፣ ለመጥፋት የተዳረገ፣ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ ልንላቸው እንችላለን። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚረሳ አንድ ሌላ ደረጃ አለ፤ መረጃ ያነሰው የሚባለው። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ “ምንም አልሆነም” ብሎ ይረዳዋል። ትልቅ ስሕተት ነው። መረጃ ያነሰው ማለት ደኅና ይሁን ወይም አደጋ ላይ ይሁን ለመወሰን የሚያበቃ መረጃ የለም ማለት ነው፤ የምርመራ ውጤቱ ያልታወቀ ሰው ጤነኛ ነው አይባልም።

መዝገቡ ስጋትን የሚለካባቸው አምስት መመዘኛዎች አሉት፤ አንድ ፍጡር ከአምስቱ አንዱን ካሟላ ይበቃዋል። አብዛኞቹ በአንድም በሌላም መንገድ የእንስሳውን ብዛት ይጠይቃሉ። ለአባ ሳሙኤል ዳክዬ ይህ ይሠራል። ለጫካ እባብ የሚያገለግለው ግን ሁለተኛው መመዘኛ ነው፤ እሱ የሚለካው እባቡን ሳይሆን መሬቱን ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ስለሚያርፍ ትንሽ ቆም ብለን እንየው።

በካርታ ላይ እባቡ በእርግጥ የተገኘባቸው ቦታዎች በነጥብ ምልክት ተደርጎባቸዋል እንበል። ከዚያ የዳር ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር አገናኝተን ሁሉንም የሚከብብ ቅርጽ እንሠራለን። በዚያ ቅርጽ ውስጥ ያለው መሬት የስርጭት ስፋት ይባላል። በመካከሉ ከተማ፣ እርሻ፣ ገደል፣ ምንም ይኑር ምን ይቆጠራል። ይህ ስፋት ከ20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ካነሰ እንስሳው ለተጋላጭነት፣ ከ5,000 ካነሰ ለሁለተኛው የስጋት ደረጃ፣ ከ100 ካነሰ ለመጨረሻው ደረጃ ይታሰባል።

ሁለተኛ ልኬት አለ። ካርታውን ጎኑ 2 ኪሎ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን እንሸነሽነዋለን፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። እባቡ ያለባቸውን ቁራጮች ብቻ እንቆጥራለን። በስድስት የተራራቁ ቦታዎች ብቻ የተገኘ እባብ ቢኖር፣ የስርጭት ስፋቱ በሺዎች ቢቆጠርም፣ በዚህኛው ልኬት የሚይዘው ቦታ 24 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ገደቦቹ 2,000፣ 500 እና 10 ናቸው። እነዚህ ቁጥሮች በአየር ላይ እንዳይንሳፈፉ ከምናውቀው መሬት ጋር እናስተያያቸው። የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ስፋት 118 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የስርጭት ስፋቱ ከ100 በታች የሆነ ፍጡር በምድር ላይ ያለው ጠቅላላ አገሩ ከአንድ ክፍለ ከተማችን ያንሳል ማለት ነው። 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ደግሞ ከመላው አዲስ አበባ ትንሽ ያነሰ ነው።

በጠባብ አገር መኖር ብቻውን ግን አያስፈርድም፤ ይህም ትክክል ነው። በአንዲት ትንሽ ደሴት ወይም ተራራ ላይ ሺህ ዓመት ተረጋግቶ የሚኖር እንስሳ ይኖራል። ስለዚህ ከጥበቱ በተጨማሪ ከሦስት ነገሮች ሁለቱ መኖር አለባቸው። አንደኛው መኖሪያው መበጣጠሱ፣ ወይም እንስሳው ያለባቸው ቦታዎች ቁጥር ማነሱ ነው፤ ለተጋላጭነት ከ10 ያልበለጡ፣ ለቀጣዩ ደረጃ ከ5 ያልበለጡ፣ ለመጨረሻው አንድ ብቻ። ሁለተኛው መኖሪያው ወይም ብዛቱ ያለማቋረጥ እየቀነሰ መሆኑ ነው። ሦስተኛው በከፍተኛ መጠን ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው፤ ይህ የጫካ እባብን እምብዛም አይመለከትም። ቦታ ሲባልም የመንደር ስም ማለት አይደለም። አንድ አደጋ በአንድ ጊዜ ሊያጠፋው የሚችል አካባቢ ሁሉ እንደ አንድ ቦታ ይቆጠራል። አሥር ቀበሌ ውስጥ ቢገኝም አሥሩም በአንድ የጫካ ምንጣሮ የሚጠፉ ከሆነ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሣል። እባቡ በጥቂት ቦታ ብቻ የታወቀው ጥቂት ስለሆነ ነው ወይስ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ? ጥያቄው ተገቢ ነው። በመንገድ ዳር የተገኘ እባብ ይመዘገባል፤ ከመንገዱ ሁለት ቀን በእግር የሚኬድበት ሸለቆ ውስጥ ያለው አይመዘገብም። ስለዚህ ገምጋሚው ነጥቦቹን ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ ተመሳሳይ ከፍታና ተመሳሳይ ጫካ ያለበትን በሳተላይት ምስል እያየ እባቡ ሊኖር የሚችልበትን ይገምታል። ያኔ መልሱ ከእባቡ ወደ ጫካው ይዞራል። ጫካው ከሌለ እባቡ ሊኖር የሚችልበት ቦታ የለም፤ ጫካው ካለ ግን ያልታየ እባብ ሊኖር ይችላል። የዚህን እፉኝት ዕጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ መከታተል ያለበት የያዩን፣ የጌራን፣ የሸካንና የካፋን ጫካ ነው።

ይህ ስሌት በአንድ ቀን እንዴት ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ከራሱ ከዚህ እፉኝት ታሪክ እናገኛለን። ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ፣ በባሌ ተራሮች በኩል የተገኘ ናሙና ለብዙ ዓመታት የቢቲስ ፓርቪዮኩላ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። እንዲህ ሲታሰብ ካርታው ሰፊ ነው፤ ከኢሉ አባ ቦራ ተነሥቶ ስምጥ ሸለቆውን ተሻግሮ ባሌ ይደርሳል። በ2016 የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ ዴቪድ ጋወርና አብረዋቸው የሠሩ ተመራማሪዎች፣ በሜም ራሳቸው ጭምር፣ ያንን የሙዚየም ናሙና እንደገና መረመሩ። በጫካ ውስጥ የተነሣ የሌላ እባብ ፎቶም አመሳከሩ። የጭንቅላቱ ቅርፊት አደራደር፣ የአካሉ ምጣኔና የቀለሙ ቅርጽ ሌላ መሆኑን አሳይተው ቢቲስ ሃሬና ብለው ሰየሙት፤ ስሙን ከሃሬና ጫካ ሰጡት።

የዚህን ትርጉም ልብ በሉ። በዚያ ጽሑፍ ምክንያት አንድም እባብ አልሞተም፣ አንድም ዛፍ አልተቆረጠም። ነገር ግን አንድ ሰፊ አገር ያለው መስሎን የነበረው እባብ ጠባብ አገር ያላቸው ሁለት እባቦች ሆነ። የምዕራቡ ምሥራቁን አጣ፤ የምሥራቁ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጣት በሚቆጠር ማስረጃ ብቻ የሚታወቅ ሆኖ ተወለደ። የሙዚየም ናሙና ዋጋም እዚህ ላይ ይታያል። በአልኮል የተዘፈቀ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው እባብ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ባሌ ጫካ አዲስ ነገር ተናገረ። አራት ኪሎ ባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያሉ መሰል ስብስቦችን በጀትና ባለሙያ ነፍጎ ማስቀመጥ ለእኔ የአገር ሀብት ማባከን ነው።

ለንጽጽር ዘመዱን ቢቲስ አሪየታንስን እንውሰድ፤ ሲነኩት ትንፋሹን ስቦ አካሉን የሚነፋውና በኃይል የሚተነፍሰው የተለመደው እፉኝት ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ሰፊ ክፍል፣ በሞሮኮና በዓረብ ምድር ሳይቀር ይኖራል። ቁጥቋጦ ቢሆን፣ ሣር ቢሆን፣ የእርሻ ዳር ቢሆን አይጨነቅም። አንዱ አካባቢ ቢታረስ በሌላው ይቀጥላል። የተራራው እፉኝት ግን እርጥበት ያለው ጫካና የረገፈ ቅጠል ይፈልጋል፤ በዙሪያው ያለው የጋለ ቆላ ለእሱ እንደ ባሕር ነው፣ ተሻግሮ ሌላ ጫካ መፈለግ አይችልም።

ይህ የእኛ እፉኝት ችግር ብቻ አይደለም። በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት 10,196 የተሳቢ እንስሳት ዝርያዎችን ገምግሞ ቢያንስ 1,829ኙ የመጥፋት ስጋት እንዳለባቸው አሳይቷል። ጥናቱ ይህን 21 በመቶ ይለዋል። ሒሳቡን የሠራ ሰው 18 በመቶ ያገኛል፤ ልዩነቱ የመጣው መረጃ ያነሳቸው ዝርያዎች ከስሌቱ ወጥተው፣ የእነሱም ዕጣ ከሌሎቹ ጋር ተመሳሳይ ነው ተብሎ በመታሰቡ ነው። ቅድም ያልኩት ያ የሚረሳ ደረጃ ይህን ያህል ክብደት አለው። ከሁሉም በላይ ግን ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ግኝት ነው። በደረቅ አካባቢ ከሚኖሩት ስጋት ላይ ያሉት 14 በመቶ ሲሆኑ ከጫካ ነዋሪዎቹ 30 በመቶው ስጋት ላይ ናቸው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ እርሻ፣ እንጨት ቆረጣ፣ የከተማ መስፋፋት።

በምዕራባችን ጫካ እርሻ ስንል በቅድሚያ የምንነካው ቡናን ነው። ስለ ቡና ደግሞ በአንድ ቃል መፍረድ አይቻልም። በኢሉ አባ ቦራና በቡኖ በደሌ የሚበቅለው ቡና አንድ ዓይነት አይደለም። ራሱ በቅሎ፣ ሰው ገብቶ እሸቱን ለቅሞ ብቻ የሚወጣበት የጫካ ቡና አለ። ገበሬው በየዓመቱ ሥሩን እየመነጠረ፣ ሐረጉን እየቆረጠ፣ ጥላውን እያሳሳ የሚንከባከበው ከፊል የጫካ ቡና አለ። የጓሮ ቡና አለ። ከዚያም በረድፍ የተተከለ የቡና ተክል አለ። በሩቅ ወይም በሳተላይት ለሚያይ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱም ከላይ አረንጓዴ ናቸው። ከታች ሆኖ ለሚኖረው እባብ ግን ልዩነቱ የመኖርና ያለመኖር ነው። በደንብ በተመነጠረ የቡና ጫካ ውስጥ ዋንዛውና ቀረሮው ቆሟል፤ ቁጥቋጦው፣ የወደቀው ግንድ፣ ቅጠል የተከመረበት ጉድጓድ ግን የለም። የሚያደፍጥበትም የሚያድነውም ነገር ይሳሳል።

ይህን ስል ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም። ምንጣሮው ምርቱን ይጨምርለታል፤ ልጆቹን የሚያስተምርበት ገንዘብ ከዚያ ይመጣል። እንዲያውም ቡና ባይኖር ኖሮ ብዙው ጫካ ዛሬ በቆሎ ወይም ባሕር ዛፍ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ። በጎሬ አቅራቢያ ጉማሮ፣ በካፋ ደግሞ ውሽውሽ ያሉትን የሻይ እርሻዎች ያየ ሰው ልዩነቱን ይረዳል፤ ሻይ የሚፈልገው የተጸዳ መሬት ነው፣ የጫካ ጥላ አይደለም። ቡና ቢያንስ ዛፉን ያስቀራል። ጥያቄው ከዛፉ ሥር ምን ያህል ይቀራል የሚለው ነው።

ለዚህ የተሞከረ መልስ አለ። ያዩ እና ካፋ በ2010፣ ሸካ በ2012፣ መዠንግር በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግበዋል። የያዩን ብንወስድ ጠቅላላው 167,021 ሄክታር ነው። ይህ ግን በሦስት ቀጠና የተከፈለ ነው። ሰው የማይነካው ማዕከላዊው ጫካ 27,733 ሄክታር ብቻ ነው፤ ማለትም 277 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀጥሎ በመጠኑ የሚጠቀሙበት አቃፊ ቀጠና 21,552 ሄክታር አለ። ቀሪው 117,736 ሄክታር ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ከተማ ያለበት የሽግግር ቀጠና ነው። አንድ ባለሥልጣን “167 ሺህ ሄክታር ጠብቀናል” ሲል አንባቢ ይህን ክፍፍል ማስታወስ አለበት። ለእፉኝቱ በእርግጠኝነት የሚሆነው ማዕከላዊው ነው፤ እሱም አቃቂ ቃሊቲን ሁለት ጊዜ ያህል ቢያጥፍ ነው። በዚያው በያዩ የድንጋይ ከሰል ላይ የተመሠረተ ግዙፍ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ ለዓመታት ቆይቷል፤ መንገዱና የሠራተኛው ሰፈር ግን ከጫካው አጠገብ ገብቷል። በባሌ በኩል ያለው ሁኔታ በሕግ ደረጃ የተሻለ ይመስላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ተቋቁሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የሃሬና ጫካ ሰፊው ክፍልም በውስጡ ነው። ነገር ግን በፓርኩ ውስጥ ሰዎች ይኖራሉ፣ ከብት ይሰማራል፣ ቡናም ይለቀማል።

ሌላው አደጋ መልከ መልካምነቱ ነው። ያ ቢጫና ጥቁር ጀርባ በውጭ አገር እባብ ሰብሳቢዎች ዘንድ ተፈላጊ አድርጎታል። በዚህ ምዕተ ዓመት በሕይወት ተይዘው የወጡ እባቦች በአሜሪካና በአውሮፓ አርቢዎች እጅ ገብተዋል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/2007 የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝንም ማውጣትንም ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይቴስ ስምምነት አባል ናት። ይሁንና ድንበር ላይ ያለ ፈታሽ የዝሆን ጥርስን እንደሚያውቅ ይህን እባብ አያውቅም። ሕጉን የሚያስፈጽመው ሰው የእንስሳውን መልክ ካላወቀ ሕጉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እባቡ በዱላና በገጀራም ይገደላል። ስለዚህ ነገር በቅንነት መነጋገር ይኖርብናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 በእባብ መርዝ መመረዝን ቸል ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚህ እንደሚሞት ይገምታል። አብዛኞቹ እንደ ቡና ለቃሚው ያሉ፣ በባዶ እግር ወይም በስስ ጫማ ጫካና እርሻ የሚገቡ ድሆች ናቸው። የእፉኝት መርዝ ሥጋን ይጎዳል፣ ደም ያፈሳል። ልጇ በለቀማ ላይ ሳለ የተነደፈባትን እናት “ለአገር ብርቅ ነውና አትግደሉት” ማለት ድፍረት ነው። የሰውን ሕይወት የማያስቀድም የጥበቃ ትምህርት በጫካው ሰው ዘንድ ተሰሚነት አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባም።

መልካሙ ነገር ሰውን የሚያድነውና እባቡን የሚያድነው አንድ መሆኑ ነው። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቦቲ፣ የወደቀ ፍሬ ከቅጠል ውስጥ ሲለቀም እጅ ከመግባቱ በፊት በረጅም እንጨት መነካካት፣ ማታ ያለ ባትሪ አለመሄድ። ከተነደፉም በኋላ ቁስሉን አለመብጣት፣ እግሩን በገመድ አጥብቆ አለማሰር፣ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ። እባቡን ለማሳየት ብሎ አሳድዶ መግደል ሁለተኛ ሰው ያስነድፋል፤ ፎቶ ወይም መልኩን መናገር ይበቃል። አድፍጦ የሚኖር እባብ ካልተረገጠ ወይም ካልተያዘ ብዙውን ጊዜ በሰው ላይ አይመጣም።

ታዲያ የዚህ እፉኝት ደረጃ ምን ይሁን? አገሩ ኢትዮጵያ ብቻ ናት። የታወቀባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። የሚኖርበት ጫካ ተበጣጥሷል፣ የቀረውም ከሥሩ እየተመነጠረ ነው። መመዘኛውን ደረጃ በደረጃ ተከትዬ ስመጣ ይህን እባብ ከስጋት መደብ ውጭ የሚያስቀምጥ ምክንያት አላገኝም፤ የባሌው ዘመዱም ከእሱ የተሻለ አይደለም። የአባ ሳሙኤል ወፎች በየዓመቱ ቆጣሪ ሊያገኙ ይችላሉ፤ እነዚህ ሁለቱ ግን የሚጠብቁት ጫካቸውን የሚቆጥር ሰው ነው።

ስለዚህ በቃሊቲ የቡና ንግድ ላይ ላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። ከያዩ፣ ከመቱ፣ ከበደሌ ቡና ስትገዙ ዋጋውን በጥራት ብቻ አትወስኑ፤ ከጫካው ሥር ቁጥቋጦና ቅጠል ሳይመነጥር ለሚለቅም ገበሬ ጨመር አድርጋችሁ ክፈሉ፣ ለውጭ ገዢም ይህንኑ ነግራችሁ ሽጡ። በመቱና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ለምትማሩ ወጣቶችም እንዲሁ፤ ከመቱ በደሌ ባለው መንገድ ላይ መኪና የረገጠው እባብ ብታዩ ፎቶ አንሡ፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፣ ለመምህሮቻችሁ ወይም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አድርሱ። በሕይወት ያለውን ካገኛችሁት ደግሞ ከሩቅ ፎቶውን አንሡና መንገዱን ልቀቁለት።